የቦይለሩ ጨው

ሐይቅ ከተማ አጠገብ የነበረው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቦይለሩ የፈነዳ ጊዜ፣ እኔ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን የጥገና ክፍል ውስጥ የተሰበረ ብረት መርማሪ ነበርኩ። ሥራዬን ለዘመድ ማስረዳት ሁሌም ያስቸግረኝ ነበር። አክስቶቼ «አሁን ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ «ብረት ለምን እንደተሰበረ አጣራለሁ» እላቸዋለሁ። «ከተሰበረ ወዲያ ቢጣራ ምን ሊረባ?» ይሉኛል። ማስረዳት ስጀምር ወሬ ይቀይራሉ።

አለቃዬ ጠራኝና «አገርህ አይደል? ሄደህ ቱቦውን እየው» አለኝ። አገሬስ አገሬ ነው። የተወለድኩት አምባሰል፣ ውጫሌ ነው፤ እናቴም እዚያው ነበረች። በዚያውም እናቴን አያለሁ ብዬ ደስ እያለኝ ስወጣ በሩ ላይ አስቆመኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ታስሯል» አለ። ደስታዬ እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

በዚያ ዘመን ማሽን በራሱ አይበላሽም፤ አሻጥረኛ ያበላሸዋል እንጂ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ከሰው ፊት አልለቀቀም ነበር። ዝናብ ከጣለም በኋላ መጠለያዎቹ አልተበተኑም፣ ፋብሪካው የሚሠራው ብርድ ልብስም የሚሄደው ወደነዚያ መጠለያዎች ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ሲቆም ጥፋተኛ መገኘት አለበት። ተገኘ የተባለው ደግሞ የቦይለሩ ኦፕሬተር ነበር።

እኔ ቀድሞም አርፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። እናቴ ልጅ ሳለሁ «ይሄን ልጅ ቁንጫ ነው የወለደው» ትል ነበር። ያን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ስቁነጠነጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ደብረ ሲና ላይ ቦታ ቀየሩ። ሰው የታሰረበት ጉዳይ መርምሬ አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ብረት ሲሰበር ብረት ነበር የሚተካው።

ፋብሪካው ከከተማው ወጣ ብሎ ከሐይቁ ዳር ነው። ሁለት ሰዎች ተቀበሉኝ። አንዱ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የቀድሞ አስተማሪ፣ ጠመኔ የያዘ ይመስል እጁን ሁልጊዜ የሚያራግፍ። ሁለተኛው ነገሩን የያዘው የአውራጃው የደኅንነት ሰው ነው። አጭር፣ ረጋ ያለ፣ አንደበቱ ለስላሳ፤ ሻይ እንኳ ሲያዝ የሚለማመጥ።

«ጓድ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አለኝ። «ሰውየው ተኝቼ ነበር ብሎ አምኗል። እሱ ሲተኛ የቦይለሩ ውሃ አለቀ፣ ቱቦው ፈነዳ። አንተ ከሙያህ አንጻር ይህንኑ ታረጋግጥልናለህ። ዓርብ ደሴ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ለመተኛት ደሴ ምን ያስኬዳል?» አልኩ።

«መተኛቱን እሱ ነው ያለው» አለ በዚያው በለስላሳ ድምፁ። «እኛ ሆን ብሎ ነው እንላለን።»

ሥራ አስኪያጁ እጁን አራገፈ። ደሴ ሄደው በአሻጥር የተከሰሱ ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው ሦስታችንም እናውቅ ነበርና ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ቦይለር ማለት በአጭሩ ትልቅ ምድጃ ነው። እሳቱ መሐል የብረት ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ውሃ ይሄዳል፣ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ ሱፉን የሚያጥበውን ውሃ ያፈላል። ቱቦው እሳት ውስጥ ውሎ አድሮ ምንም የማይሆነው በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ድስት ውሃ እስካለው እሳት ላይ እንደማያርረው ማለት ነው።

የተቀደደው ቱቦ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ቀዳዳው የቱቦውን ቁመት ተከትሎ የተሰነጠቀ፣ መሐሉ የሰፋ፣ ዳርና ዳሩ የጠበበ ነው፤ የዓሣ አፍ ይመስላል። እኔ ግን የማየው ከንፈሩን ነው። ውሃ በድንገት ሲቋረጥ ብረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ሲቀደድ ታዲያ ከንፈሩ እንደ ምላጭ የሳሳ ይሆናል። ኦፕሬተሩ ተኝቶ ውሃው አልቆ ቢሆን ኖሮ የማገኘው ይህን ነው። አውራ ጣቴን በፍርሃት አስጠጋሁና ጫን አደረግኩት። አልቆረጠኝም። ከንፈሩ ወፍራም ነበር።

ከዚያ ወዲያ እጄ አላርፍ አለ። ቱቦውን በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁት፣ ቁመቱንም ሰነጠቅኩት። የቱቦው ውጪ፣ ውሃ የሸሸው የሐይቅ ዳር ጭቃ እንደሚሰነጣጠቅ፣ በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቷል። ውስጡ ነጭ ድንጋይ ለብሷል፤ የሻይ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት፣ ግን የጣት ውፍረት ያለው። ያ ድንጋይ በውሃውና በብረቱ መካከል ገብቶ ብረቱ ቅዝቃዜ እንዳያገኝ ከልክሎታል። እሳቱ ፊት ለፊት የቆሙት ሌሎች ቱቦዎችም እዚህም እዚያም አብጠዋል። ይህ የአንድ ቀን እንቅልፍ ሥራ አይደለም። ቱቦው ለወራት ሲሞት ኖሮ ነው የሞተው።

ደስ አለኝ። ሰውየው ነጻ ነው ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ያዘኝ። ካልተኛ ለምን ተኝቼ ነበር አለ?

የሐይቅ ውሃ ጣፋጭ ነው፤ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። ነገር ግን ማንኛውም ከምድር የወጣ ውሃ ጥቂት ድንጋይ ሟሙቶበት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ቦይለር ከመግባቱ በፊት ማለስለሻ በሚባል ጋን መሰል ዕቃ ውስጥ ያልፋል፤ ድንጋዩን እሱ ይይዝለታል። ማለስለሻው በበኩሉ ድንጋይ ይጠግባል። ሲጠግብ በጨው ውሃ ይታጠባል፣ ከታጠበ እንደገና ይሠራል። ጨው ካላገኘ ውሃው ገብቶ የሚወጣበት ባዶ በርሜል ነው። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፤ ጨው ከነካው ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

የግምጃ ቤቱን ሰው ጠየቅሁት። «ጨው አልመጣም» አለኝ መሬት መሬት እያየ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድርቁ ወዲህ።»

አመንኩት። ያን ጊዜ የጭነት መኪና ሁሉ እህል ነበር የሚጭነው፣ ጨው ከገበያም ጠፍቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ያንኑ አለኝ፤ እጁን አራግፎ።

ኦፕሬተሩን ላነጋግረው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል። ረጅም፣ ዓይኖቹ በእሳት የቀሉ፣ ፊቱ ለሳቅ የማይመች ሰው ነው። ሚስቱ ምሳ አምጥታለት ግቢው ውስጥ አጥሩን ተደግፎ ሊበላ ሲቀመጥ ደረስኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አልተነሳም፣ አልተቆጣምም። ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረገና «ብላ፤ ቁሞ ወሬ የለም» አለ።

ክክ ወጥ ነው። አንድ ጎረስኩ። ጨው የሚባል አልነካውም። ጊዜው ነው ብዬ ሁለተኛ ጎረስኩ።

«ተኝቼ ነበር ብለሃል» አልኩት።

«ብያለሁ።»

«ቱቦው ግን አልተኛህም ይላል።»

«ቱቦ ምን ያውቃል?»

«ከአንተ የበለጠ ሳያውቅ አይቀርም። ለወራት በድንጋይ ታፍኖ ነው የሞተው። ጨው ስላልመጣ።»

ማላመጡን አቆመ። «ጨው አልመጣም ያለህ ማነው?»

«የግምጃ ቤቱ ሰው።»

 ያን ፊት ፈገግታ ሲሞክር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «እሱ እንዲያ ካለ እንዲያ ነው» አለ።

«ታዲያ አንተ ለምን ይህን አልተናገርክም?»

«ተኝቼ ነበር ብያለሁ አልኩህ። ሰው አንድን ነገር ስንት ጊዜ ይናገራል?» አለና ምግቡን ቀጠለ።

ተናድጄ ወጣሁ። አንድ ሰው ከገደል አፍ ልታወጣው እጅህን ስትዘረጋለት «ተወኝ፣ እይታው ጥሩ ነው» ቢልህ ከመናደድ ሌላ ምን ታደርጋለህ? ሐይቁ ዳር ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ መናኸሪያ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በመጨረሻ ነገር ሲከብደኝ የማደርገውን አደረግኩ፤ ወደ ውጫሌ የሚሄድ የጭነት መኪና አስቆምኩና ወደ እናቴ ሄድኩ።

እናቴ ከስታለች። እኔን ስታይ ግን ክሳቷን ረስታ ስለኔ ክሳት አለቀሰች። ሽሮ ሠርታ አቀረበችልኝ። ጎረስኩና እጄ አየር ላይ ቀረ። ሽሮው ጨው አለው። ደህና አድርጎ አለው።

«ጨው ከየት አመጣሽ?» አልኳት።

«ምነው፣ በዛ እንዴ?»

«አይ፣ ከየት ነው?»

«ከሐይቅ ፋብሪካ ነዋ። ጌታ ይስጣቸው፣ በክፉው ጊዜ በየቀበሌው አደሉን። ስንዴው በእርዳታ ይመጣል፣ ጨው ግን ዓይኑም የለ። ልጆች ገንፎ አልዋጥ ብሏቸው አፋቸውን ገጥመው ሲያለቅሱ ብታይ! ለማሽን የመጣ ጨው ነበር አሉ። እንዲያው አንተ የተማርከው ንገረኝ፣ ማሽን ጨው ይበላል?»

«ይበላል» አልኩ።

«ተወኝ እባክህ» አለች፤ ሳቀችም።

ጨውን አምጥታ አሳየችኝ። ከአሞሌ የተፈለጠ ግራጫ ጨው አይደለም፤ ነጭ፣ ፍሬው ጎላ ጎላ ያለ ነው፤ ማለስለሻ ውስጥ ለዓመታት ሳይ የኖርኩት። በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እስከ ዛሬ ቆጥባ አቆይታዋለች። እኔ ግራ ገብቶኝ ቁጭ አልኩ። መብላቱን ግን አላቆምኩም። ጨው ያለው ምግብ እንደዚያ ጥሞኝ አያውቅም፣ ሳህኑን ጠርጌ ነው የተነሳሁት።

ያገኘሁት መኪና ላይ ተሰቅዬ ተመለስኩና በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። «ጨው መጥቶ ነበር» አልኩት ኦፕሬተሩን፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ። «በልቼው ነው የመጣሁት።»

ግራና ቀኝ አየ። ጠባቂው ራቅ ብሎ ከአንድ ሴት ጋር ይጫወታል። «ተቀመጥ» አለኝ። መቀመጥ ሲያቅተኝ እሱ ተነሳ፤ አጥሩ ሥር ወዲያ ወዲህ እያልን ነገረኝ።

ድርቁ የከፋ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ከመጠለያ ሲመለስ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ያየውን መናገር ጀምሮ መጨረስ አቃተው። አለቀሰ። ቆይቶ፣ ግምጃ ቤት ያለውን ጨው ለሕዝቡ እንስጥ አለ። ሠራተኛው ሁሉ እጁን አወጣ። «የሐይቅ ውሃ ጣፋጭ ነው፣ ሰው ያልጎዳ ውሃ ብረት ሊጎዳ ነው?» ተባለ። ኦፕሬተሩ ብቻ ይጎዳል አለ። እሱ ብቻ እጁን አላወጣም። ከሠራተኛው ጋር ድርሻው ሲሰፈርለትም አልወስድም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

«እኔ ጨው አድርግ ተብዬ ነው የተቀጠርኩት» አለኝ። «ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም። ቤቴ ስገባ ሚስቴ፣ ‹ሁሉም ጨው ይዞ ሲገባ አንተ ምነው?› አለችኝ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። ለራበው ሰው ጨው አትስጡ ብዬ የተሟገትኩ ሰው ሆንኩ።»

«ልክ ነበርክ እኮ!» አልኩት። «ይኸው ቱቦው ፈነዳ። ጥፋቱ የነሱ ነው።»

«ቀስ በል። በማግስቱ ሱፍ አጣቢዋ ባልቴት፣ ሁላችንም እናታችን ነው የምንላቸው፣ እጄን ይዘው ‹አብሽር ልጄ፣ ይህ ነገር ከፋብሪካው አጥር አይወጣም› አሉኝ። አልወጣም። ሐይቅ ገበያ ላይ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ገመናዬን ሸፍነው ኖረዋል። ቱቦው ሲፈነዳ እኔ ምን ልበል? ጨው በልተው ነው ብዬ እነሱን ላስበላ? ተኝቼ ነበር አልኩ፣ አለቀ።»

«አላለቀም። ደሴ ይወስዱሃል። እዚያ ተኛ ብለው አይደለም የሚከሱህ፣ ሆን ብለህ ነው ብለው ነው። ላትመለስ ትችላለህ።»

«የአላህ ነው» አለ። «ጨው የከለከለ ተብዬ እዚህ ከምኖር ተኝቶ ቦይለር ያፈነዳ ተብዬ የትም ብሄድ ይሻለኛል። አንተ ደግሞ የሰማኸውን እዚሁ ተወው።»

ሞኝ ነህ አልኩት። ሊሆን ይችላል አለ። ጠባቂው መጥቶ ሰዓት አልቋል አለ። ቃል አልገባሁለትም። ዝም ብዬ ወጣሁ፣ እሱ ግን ዝምታዬን እንደ እሺ ሳይቆጥረው አልቀረም።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ተጠራ። የደኅንነቱ ሰው ጉዳዩ ትምህርት እንዲሆን ብሎ ከሠራተኛው ሌላ የቀበሌ ሰዎችንም አስጠርቷል፤ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የቆመ አለ። እኔ ያን ቀን ያሰብኩት ቀላል ነበር። ቱቦውን አሳያለሁ፣ ሰውየው አልተኛም እላለሁ፣ ጨው አልመጣም እላለሁ። ማንም አይነካም። ውሸቱ የኔ አይደለም፣ የግምጃ ቤቱ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል አደርኩ።

የተቆረጠውን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የደኅንነቱን ሰው «አውራ ጣትህን እዚህ ላይ ጫን» አልኩት። አመነታ። ሰው እያየው ስለሆነ ጫነ። «ቆረጠህ?» አልኩት። «አልቆረጠኝም» አለ። ተኝቶ ውሃ አልቆ ቢሆን ኖሮ ጣቱ ይደማ እንደነበር አስረዳሁ። ነጩን ድንጋይ አሳየሁ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ተማሪ አግኝቼ አላውቅም።

«ስለዚህ ጨው ስላልነበረ ነው» ብዬ ጨረስኩ። «አልመጣም ነው የተባልኩት።»

የደኅንነቱ ሰው ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። «መጥቷል» አለ። «ጨው የጫነው መኪና ኬላ ሲያልፍ አይተናል። እንግዲህ አልመጣም ያለው ሰውዬ የት እንዳደረሰው ይነግረናል።» ወደ ግምጃ ቤቱ ሰው ዞረ። «ሸጥከው?»

 ከኋላ የተቀመጠችው የግምጃ ቤቱ ሰው ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አንዱን ሰው ላወጣ ሌላውን መክተቴ ነው። ሳላስበው ተነሳሁ።

«እኔ በልቼዋለሁ» አልኩ።

«ምን?»

«ጨውን። ማክሰኞ ዕለት፣ ውጫሌ፣ እናቴ ቤት፣ በሽሮ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። የደኅንነቱ ሰው አተኩሮ አየኝ። ለስላሳነቱ ትንሽ ለቆት ነበር፤ ፈራሁ። ያን ጊዜ ሱፍ አጣቢዋ ባልቴት ከመቀመጫቸው ሳይነሱ የደኅንነቱን ሰው እያዩ ተናገሩ።

«እኛም በላነው ልጄ። ሁላችንም። ተሰብስበን፣ እጅ አውጥተን ነው ለሰው ያደልነው። የቀበሌህን እኔው ራሴ ነኝ የሰፈርኩት፤ ሚስትህ ቆማ ተቀብላኛለች። ሱብሃነላህ፣ ምን ጥፋት አለው? ያንን የታሰረውን ብቻ ልቀቀው። እሱ ከኛ ጋር የለበትም። የቦይለሩ ጨው አይነካ ብሎ ከሁላችን ጋር የተሟገተ እሱ ብቻ ነው። እጁን አላወጣም። ድርሻውንም አልወሰደም። ከሁላችን ንጹሑ እሱ ነው።»

ይህን የተናገሩት ሊያድኑት ነው። ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር አልነበረም። እኔ ግን መስኮት ላይ የቆሙትን የከተማውን ሰዎች አየሁ፤ እርስ በርስ ተያዩ።

ሥራ አስኪያጁ ተነሳ። እጁን አላራገፈም። «ጨው በሠራተኛው አጠቃላይ ስብሰባ ውሳኔ የተሰጠ ነው» አለ። «ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የወሰነው ግን ሠራተኛው ነው። የሰፊው ሕዝብ ውሳኔ አሻጥር ይባላል ወይ ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ።»

የደኅንነቱ ሰው መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሚስቱ የተቀበለችውን ጨው ያስብ ይሁን የሰፊውን ሕዝብ፣ አላህ ይወቅ። በመጨረሻ «አይባልም» አለ። ከዚያም ድምፁ ወደ ልስላሴው ተመለሰና «እንዲያውም ኦፕሬተሩ ስለ መንግሥት ንብረት ብቻውን የታገለ ንቁ ሠራተኛ ነው። ሊመሰገን ይገባዋል» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። እሱ ካጨበጨበ ማን ይቀራል? አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ኦፕሬተሩ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ከጣቢያው በር እስከ ቤቱ አብሬው ሄድኩ። መንገድ ላይ «እንኳን አላህ አወጣህ» የሚሉት ሁሉ እጁን ከሚገባው በላይ ቆየት አድርገው ይይዙት ነበር። እሱ ነገሩ ገብቶታል።

«ተናገርክ» አለኝ።

«ስለ ራሴ ነው የተናገርኩት።»

«ስለኔስ?»

ማን እንደተናገረና ምን እንዳሉ ነገርኩት። መጨብጨቡን ልዘለው ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። «በሰው ፊት?» አለኝ። በሰው ፊት አልኩት። ከዚያ ወዲያ እርምጃውን አፈጠነና ቀደመኝ። እውነቱን ልናገር፣ አላዘንኩም፣ ተናደድኩ እንጂ። ነፍሱ ተርፋለች። ደሴ ቢሄድ ሚስቱ ለማን ክክ ወጥ ይዛ ትሄድ ነበር? ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር፣ እሱም ያንኑ ፊት ያሳየኝ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ከጁምዓ በኋላ ልሰናበተው ቤቱ ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ለማለት እየገባ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። በኛ አገር የታሰረ ተፈትቶ ሲገባ በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ማር ያለው ማር፣ ስኳር ያለው ስኳር ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያዋ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ጨው ነው። ነጩ፣ ፍሬው ጎላ ጎላ ያለው። በር ሥር ካለው ሰፌድ ላይ አፈሰሰችና ተቀመጠች። ሁለተኛው በሲኒ አመጣ። ሌላው በወረቀት ጠቅልሎ። ባልቴቷ በመዳፋቸው ይዘው መጡ፣ ከመዳፋቸው ላይ ያለውን ሁሉ አራገፉ። አንድም ሰው ስለ ስብሰባው አላነሳም። አንድም ሰው ድርሻህ ነው አላለም። ዱዓ አደረጉ፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ፣ ስለ ጤናው ጠየቁት፣ ሄዱ።

እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ሰፌዱ ሲሞላ ያይ ነበር። ሰዎቹ ወጥተው እሱ፣ ሚስቱና እኔ ስንቀር ወደኔ ዞረ። ከትናንት ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

«አንተ መርማሪ ነህ አይደል? እስቲ ንገረኝ» አለኝ። «ይሄ ይቅርታ ነው፣ ስድብ?»

አየሁት፣ ጨውንም አየሁት። ብረት ቢሆን አገላብጬ፣ ሰንጥቄ፣ ከንፈሩን ዳስሼ እነግረው ነበር።  ዓይኑ ውሃ ሞላ፣ እሳቱ ያቀላው ዓይን።

«ጨው ነው» አለች ሚስቱ፤ ሰፌዱን አንስታ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች።